የአርሰናልን ጨዋታ ሜዳ ገብቼ ለማየት ትኬት እንዴት ላግኝ? (ከደብረ ማርቆስ)

ማርቆስ 14፦

ጤና ይስጥልኝ የቤቱ ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ትኬት ነው። ትንሽ ላስረዳና እጠይቃችኋለሁ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ አፈር መመርመር ነው። የጎጃም አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ካልገባበት ስንዴውም ገብሱም ቀጭጮ ይቀራል። እኛ ናሙናውን አይተን ለገበሬው ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልገው እንነግረዋለን። በዚሁ ሥራ ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ እንግሊዝ ልሄድ ነው። ከተማዋ ሬዲንግ ትባላለች። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ እዚያ ነኝ። ቪዛው ተመትቷል። የቀረኝ ሻንጣ መግዛት ነው።

አርሰናል ነኝ። ካኑ ቼልሲን በሜዳው፣ 2 ለ 0 ተመርተን ቆይተን፣ ብቻውን ሦስት አግብቶ ያሸነፈልን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ወሬውን በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ውጤት እከታተላለሁ። ዳታ ሲጠፋ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጋ እየደወልኩ "ስንት ስንት ሆነ?" እላለሁ።

ባለቤቴ "ሥልጠናውን ትተህ ኳስ ሜዳ ስትዞር እንዳልሰማ" ብላኛለች። እኔ ግን አንድ ጨዋታ ሳላይ ብመለስ የሰፈሩ ልጆች አያስቀምጡኝም። የምፈልገው ከጎረቤታችን ከቶተንሃም ጋር ያለውን፣ ደርቢ የሚሉትን ነው። መርሐ ግብሩን ሳየው ጨዋታው እኔ እዚያ እያለሁ ነው የሚደረገው።

የክለቡን ገጽ ከፈትኩት። አባልነት ይላል፣ ዕጣ ይላል፣ ቀይ ይላል፣ ብርማ ይላል። ምኑም አልገባኝም። በቴሌግራም ደግሞ አንድ ልጅ አገኘሁ። የደርቢው ትኬት አለኝ ብሎ 350 ፓውንድ ጠየቀኝ። ግማሹን አስቀድሜ በብር አንድ ሒሳብ ውስጥ እንዳስገባለት ይፈልጋል። ፎቶው ስታዲየሙ በር ላይ ቆሞ የተነሳው ነው። አማርኛውም የእኛው አማርኛ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቀዩ ከቡሬ፦

እንግሊዝ ድረስ ሄደህ አርሰናልን? ከለንደን ማንቸስተር በባቡር ሁለት ሰዓት ምናምን ነው። የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ጎራ በልና ትልቅ ክለብ ምን እንደሚመስል አይተህ ተመለስ።

ቀልዱን ትቼ፣ ቀብድ ለሚጠይቅ ትኬት ሻጭ አምስት ሳንቲም እንዳትልክ።

የዱርቤቴ ልጅ፦

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። የዱርቤቴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሰሜን ለንደን ነው የምኖረው። መጀመሪያ የቴሌግራሙን ልጅ አግደው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ አግደውና ተመለስ።

አገድከው? በል አሁን እናውራ።

እንግሊዝ ውስጥ የእግር ኳስ ትኬት ያለ ፈቃድ መልሶ መሸጥ ወንጀል ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ያነጣጠረውም በተለይ ኳስ ላይ ነው። ነገሩ የትርፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሁለት ቡድን ደጋፊ አንድ ቦታ ተቀላቅሎ እንዳይደባደብ ነው። ሰው ስለማይቀጣበት ሳይሆን ስለሚያተርፍበት አሁንም ይሸጣል። ጣቢያው አካባቢ ቆመው "ትኬት፣ ትኬት" የሚሉህ አሉ። አትስማቸው።

ደግሞ የወረቀት ትኬት ቀርቷል። ትኬቱ ስልክህ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ላይ ስልክህን ታስጠጋለህ፣ ይከፈትልሃል። ያንተ ሰው ትኬት አለኝ ያለው ውሸቱን ነው። እውነቱን ቢሆን እንኳ ያለው በሌላ ሰው ስም ነው። ክለቡ ከደረሰበት መለያውን ይዘጋዋል፣ አንተ ብርህን ከፍለህ በር ላይ ትቀራለህ። ከማርቆስ ሄደህ በር ላይ መቅረት ምን ይሉታል?

አሁን ትክክለኛው መንገድ። ስታዲየሙ 60,704 ሰው ይይዛል። አብዛኛው ወንበር ግን የዓመት ትኬት ያላቸው ሰዎች ነው። እሱን ለማግኘት ያለው ወረፋ ዓመታት ስለሚፈጅ ተወው። የተረፈው ለአባላት ነው። "ቀይ" የሚባለው አባልነት ለማንም ክፍት ነው። ማርቆስ ተቀምጠህ ትሞላዋለህ። አባል ሆንክ ማለት ግን ትኬት አገኘህ ማለት አይደለም። ዕጣ ውስጥ ለመግባት ተፈቀደልህ ማለት ነው። ድሮ ቀድሞ ገጹ ላይ የደረሰ ይገዛ ነበር። ከ2023 ወዲህ በዕጣ ሆኗል። ጨዋታው ሳምንታት ሲቀሩት ዕጣው ይከፈታል፣ ስምህን ታስገባለህ፣ ትጠብቃለህ።

ለቶተንሃም ጨዋታ ዕጣው ውስጥ ግባ፣ አትተወው። ልብህን ግን እዚያ ላይ አትጣል። እኔ ከሜዳው በእግር የሚደረስ ቦታ እየኖርኩ ለደርቢ ወጥቶልኝ አያውቅም።

እኔ የምመክርህ ሌላ ነው። የዓመት ትኬት ያለው ሰው ሁልጊዜ አይመጣም። ልጅ ይታመምበታል፣ ሰርግ ይመጣበታል፣ ረቡዕ ማታ ሥራ ይይዘዋል። ያኔ ወንበሩን በክለቡ በራሱ ገጽ ላይ መልሶ ለሽያጭ ያወጣዋል። "ቲኬት ኤክስቼንጅ" የሚሉት ይህ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ዋጋውም አየር በአየር አይደለም። አባል ብቻ ነው የሚገዛው። እዚህ ላይ የሚፈለገው ትዕግሥትና ፈጣን ጣት ነው። አንድ ወንበር ብቅ ይላል፣ ስትነካው ሌላ ሰው ወስዶታል። ተስፋ አትቁረጥ። ጨዋታው ሲቃረብ፣ በዕለቱ ጭምር፣ የሚለቅ ሰው አይጠፋም። ሬዲንግ መሆንህ የሚጠቅምህ ለዚህ ነው፤ ጠዋት ብታገኝ ከሰዓት ትደርሳለህ።

ዋጋው እንደ ተጋጣሚው ይለያያል። ጨዋታዎቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብለው ከፍለዋቸዋል። ቶተንሃምና መሰሎቹ ኤ ውስጥ ናቸው፣ ውድ ነው፣ ሰውም ይሻማበታል። አንተ ዓይንህን መጥተው የማያስፈሩን ቡድኖች ላይ ጣል። የካራባኦ ዋንጫ (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) የመጀመሪያ ዙሮች በሜዳችን ከደረሱን ደግሞ እሱን አትለፈው። ወጣቶቹ ይሰለፋሉ፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ የዘወትር ደጋፊውም ይሳነፋል።

ቀኑንም አትመን። መርሐ ግብሩ ላይ ቅዳሜ የተባለው ለቴሌቪዥን ሲባል እሑድ ወይም ሰኞ ይሆናል። ስለዚህ የባቡር ትኬት ቀድመህ አትቁረጥ። የሚያስቅ ነገር ልጨምርልህ፤ ቅዳሜ በዚህ አገር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚደረግ ጨዋታ እዚሁ እንግሊዝ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ሰው ሜዳ መግባት እንዳይተው የወጣ የቆየ ደንብ ነው። አንተ ማርቆስ ላይ ቡናህን ይዘህ በቀጥታ የምታየውን ጨዋታ እኔ የስታዲየሙ ጩኸት እየተሰማኝ በሬዲዮ ነው የምከታተለው።

መራዊ ዳር፦

የዱርቤቴው ወንድማችን ያለው ሁሉ ልክ ይሆናል። እኔ ግን ልብህን ደርቢው ላይ አትጣል በሚለው አልስማማም። ትንሽ ጨዋታ ለማየትማ ቴሌቪዥን አለን እኮ!

ኅዳር 9 ቀን 2012፣ ኢትዮጵያ ከአይቮሪ ኮስት፣ ባሕር ዳር። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከመራዊ በሌሊት ሚኒባስ ይዘን ነው የሄድነው። ስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ ወረፋው ጫፍ የለውም። ልጆቹ ትኬቱን እፍኝ እፍኝ ይዘው በላዩ ላይ ጨምረው ይሸጣሉ። አጠገባችን አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ነበሩ፤ "በተጻፈበት ዋጋ ካልሆነ አልገዛም። እዚሁ ቆሜ ጩኸቱን እሰማለሁ" ብለው ቆሙ። ልጁ ለመናቸው፣ ዋጋ ቀነሰላቸው፣ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ በተጻፈበት ዋጋ ሸጠላቸው። እኛ እንደዚያ ያለ ወኔ ስላልነበረን ወረፋችንን ጠበቅን።

ስንገባ ኦሪዬ አግብቶብን ሰዉ ጭጭ ብሏል። ከዚያ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን፣ ሽመልስ በቀለ ጨመረ። 2 ለ 1! ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ በየትኛውም ስክሪን አላየሁትም። የማላውቀው ሰው አቅፎኝ ሲያለቅስ ነበር። አይቮሪ ኮስት ባይሆን፣ ሌላ ደካማ ቡድን ቢሆን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እንደዚያ ይሆን ነበር?

ሁለት ዓመት ቆይቶ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው መስፈርት አያሟላም አለና የጋናን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ላይ "በሜዳችን" ተጫወትን። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዋልያዎቹን ባሕር ዳር ላይ አላየንም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የማርቆስ ሰው የለንደን ትኬት የት እንደሚገኝ እየተማረ ነው፤ የገዛ አገሩን ቡድን ለማየት ደግሞ ፓስፖርት ሲጠየቅ ከረመ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ደርቢውን አጥብቀህ ያዝ። የኤክስቼንጁን ገጽ ሌት ተቀን ክፈት።

የፍኖተ ሰላሟ፦

ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ሬዲንግ ነው የምኖረው። ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። እንኳን ወደ ሰፈሬ መጣህልኝ!

ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የአርሰናል ሴቶች ቡድን። በ2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆኑት እነሱ ናቸው። በአርሰናል ስታዲየም በኤምሬትስ፣ በዚያው ሣር፣ በዚያው ወንበር ላይ ይጫወታሉ። ትኬቱ ከወንዶቹ በብዙ ይረክሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ አባል መሆንም ሳያስፈልግ ከክለቡ ገጽ ይገዛል። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እየሄድኩ አያለሁ። ቤተሰብ ከነልጁ ነው የሚመጣው፣ ስድብ የለ፣ ግፊያ የለ። ሴቶቹም ከቶተንሃም ጋር ይጫወታሉ። ደርቢ ካልክ ይኸውልህ ደርቢ። የወንድ ጨዋታ ብቻ ነው ኳስ የሚል ሰው ካለ እኔ ጋ መከራከር ይችላል።

ሌላው፣ የከተማችን ክለብ ሬዲንግ አለ። ፕሪሚየር ሊግ የነበረ ቡድን ነው፣ በኋላ ወርዶ ወርዶ ሦስተኛው እርከን ደርሷል። ትኬት በዕለቱም ታገኛለህ፣ ማንም ዕጣ አያወጣብህም። አርሰናል ከሆንክ ደግሞ ሜዳውን ማየት አለብህ። ጥቅምት 2012 በፈረንጆቹ፣ በካፒታል ዋን ዋንጫ (የዛሬው ካራባኦ ዋንጫ)፣ ሬዲንግ እዚህ ሜዳ ላይ አርሰናልን 4 ለ 0 መርቶ ነበር። ጨዋታው በተጨማሪ ሰዓት 7 ለ 5 አለቀ፣ አርሰናል አሸነፈ። ዋልኮት ሦስት አገባ። የሬዲንግ ሰዎች እስከ ዛሬ ስታነሳባቸው ፊታቸው ይቀየራል። እኔ በተለይ ለዚያ ብዬ አነሳባቸዋለሁ።

ስለ ጉዞው፦ ከሬዲንግ ለንደን ፓዲንግተን በፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ኪንግስ ክሮስ፣ ከኪንግስ ክሮስ በምድር ውስጥ ባቡሩ በፒካዲሊ መስመር አርሰናል የሚባል ጣቢያ አለልህ። ማታ ጨዋታ ከሆነ መመለሻውን አስብበት። ጨዋታው አልቆ ያ ሁሉ ሰው ጣቢያ ላይ ሲሰለፍ ሰዓቱ ይሄዳል። እኛ ቤት ማደሪያ ቦታ አይጠፋም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ደህና በርበሬ ይዘህልኝ ና።

ቀዩ ከቡሬ፦

በርበሬ ከሆነ የቡሬ ይሻላል። ማርቆስ ሲመጣ እኔ ጋ ይለፍ። ያው ለአርሰናል ሰው ዋጋ እጨምራለሁ።

ማርቆስ 14፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁን አግጄዋለሁ። ከማገዴ በፊት "በርከት ያሉ ሰዎች ስለሚፈልጉት ዛሬውኑ ካልላክህ አላስቀምጥልህም" ብሎ ጽፎልኝ ነበር።

የመራዊውን ወንድሜን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፣ የዱርቤቴውን ደግሞ አምኜዋለሁ። ስለዚህ ለደርቢው ዕጣ ውስጥ እገባለሁ፣ ካልወጣ የተገኘውን አያለሁ። የሴቶቹን ደግሞ በእርግጠኝነት አያለሁ። እኅቴ፣ በርበሬው እሺ። ባለቤቴ ስለ በርበሬው ስትሰማ "ሄደህ የምታርፍበት ሰው ካለማ" ብላ ትንሽ ለዘብ ብላለች።

አሁን የቀሩኝ ጥያቄዎች። አንደኛ፣ የባንክ ካርዴ ውጭ አገር አይሠራም፤ አባልነቱን በምን እከፍላለሁ? ሁለተኛ፣ ስም ሲሞላ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚለው ግራ ገብቶኛል። ሦስተኛ፣ ስልኬ አሮጌ ነው፤ ትኬቱ ስልክ ውስጥ ነው ካላችሁ ይህ ነገር ይሆናል? ደግሞስ ክለቡ ራሱ ከምግብ ጋር የሚሸጠው ትኬት አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እሱስ?

የዱርቤቴ ልጅ፦

ከምግብ ጋር ያለው እውነት ነው፣ ክለቡ ራሱ ነው የሚሸጠው፣ ዕጣም የለውም። ግን በመቶዎች ፓውንድ ነው። ለደርቢማ አትጠይቀኝ። የሥልጠና አበልህን አንድ ቀን ላይ በልተህ ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ ልትበላ ካልሆነ በቀር አይሆንም።

ካርዱን በተመለከተ፣ ባንኮች ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው የሚሰጡት ዓለም አቀፍ ካርድ አለ። ፓስፖርትህን፣ ቪዛህንና የአውሮፕላን ትኬትህን ይዘህ ባንክህ ጋ ጠይቅ። ለሥልጠናውም ያስፈልግሃል። ካልተሳካ ዘመድህ ይክፈልልህ። ከዚህ መድረክ ግን ማንም ሰው ልክፈልልህ ቢልህ፣ እኔንም ጨምሮ፣ እምቢ በል። አታውቀኝም እኮ።

አባልነቱን ግን እዚህ እስክትደርስ አትጠብቅ። ዕጣው የሚከፈተው ከጨዋታው ብዙ ቀደም ብሎ ስለሆነ መስከረም ላይ መጥተህ ብትመዘገብ የመጀመሪያዎቹ አምልጠውህ ይሆናል። ዕጣውን በሚያወጣው የክለቡ ገጽ ላይም የኢሜይል ማሳወቂያውን ክፈተው።

ስም ሲሞላ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ጻፍ። የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለ እሱን መጨረሻ ላይ አድርግ። ደጋግመህ አትለዋውጠው። ኢሜይሉም የራስህ ይሁን። የልጅህን ኢሜይል አትስጥ፤ ትኬቱ የሚመጣው እዚያ ነው።

ስልኩ ላይ፣ ቅንብር ውስጥ ግባና ኤንኤፍሲ (NFC) የሚል ፈልግ፤ ስልክህን በሩ ላይ ስታስጠጋ ትኬቱን የሚያስነብበው እሱ ነው። ካለው ይሆናል፣ ትኬቱ የሚቀመጥበትን የጉግል ዋሌት መተግበሪያ ጫንበት። ከሌለው ሰው ካላዋሰህ በቀር እዚህ ስትመጣ ርካሽ ያገለገለ ስልክ ትገዛለህ። አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ትኬቱን ቤትህ ሆነህ፣ ዋይፋይ እያለህ፣ አስቀድመህ ዋሌቱ ውስጥ አስገባው። በሩ ጋ ስልሳ ሺህ ሰው ስልኩን ሲከፍት ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ቻርጅም ሙሉ ይሁን፤ ባትሪ ከሞተ ትኬትህም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ወንበር የመምረጥ ዕድል ካገኘህ ላይኛውን ፎቅ ውሰድ፣ ጨዋታው በሙሉ ይታይሃል። ጩኸት ከፈለግህ ኖርዝ ባንክ የሚሉት ጎን አለ፣ ከጎሉ ጀርባ ነው፤ የእነሱ ካታንጋ በለው። የተጋጣሚ ደጋፊ ያለው በክሎክ ኤንድ በኩል ነው። ትልቅ ቦርሳ አይገባም፣ ስለዚህ በሶውን ሬዲንግ ተወው።

የፍኖተ ሰላሟ፦

በሶውንማ እኔ ጋ ይተወው። ጋሼ፣ ኤንኤፍሲ ከሌለው የእኔ የድሮው ስልክ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ ደህና ነው፣ እሱን አውስሃለሁ። አሁን ግባና አባልነቱን ሙላ፤ የሴቶቹ መርሐ ግብር ሲወጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።